የ404 ፔዦ ሞተር ለቤት እድሳት፦ የቆመውን ልግዛ ወይስ የሚነሳውን?

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ከአባቴ የቀረችኝ ፔዦ 404 አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ታክሲ ነበረች። ሐረር ያደገ ሰው ያውቃታል፤ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ ስትመላለስ የኖረች ናት። እኔንም እህቶቼንም ያስተማረችን እሷ ናት ብል ማጋነን አይደለም። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ ለቤት ስነዳት ቆየሁ። ከዚያ ከድሬ ስመለስ ደንገጎ አቀበት ላይ ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) መታች። የብሎኩን ጎን በስቶ ወጣ። በቀዳዳው እጅ ይገባል።

ልሸጣት አልፈልግም። ሌላ ሞተር ገዝቼ እቤት ግቢ ውስጥ ራሴ ፈትቼ ላድሰው ነው ሐሳቤ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የባጃጅ ሞተር ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። የመኪና ሞተር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለት ሞተር አግኝቻለሁ።

አንዱ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ያለው። ከ404 ፒካፕ የወረደ ነው። ኒም ዛፍ ሥር ሸራ ለብሶ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። አይዞርም፣ ተጣብቋል። ባለቤቱ የፒካፑ ሊብሬ በእጁ አለ።

ሁለተኛው እዚሁ ሐረር ነው። ይነሳል። ትንሽ ያጨሳል። ሻጩ «ዛሬ ገጥመህ ዛሬ ትነዳዋለህ» ይላል። ወረቀት የለውም። የጠየቀኝ ዋጋ የድሬውን እጥፍ ነው።

የትኛውን ትላላችሁ?

ታይዋን ሰፈር (ድሬዳዋ)

አቦ የሚነሳውን ግዛ! ይህ ምን ያጠያይቃል?

የቆመ ሞተር ገዝቼ ተቃጥያለሁ። የእኔ ሌላ መኪና ነው፣ ፔዦ አይደለም። «ትንሽ ነው የያዘው፣ በናፍጣ ይለቃል» ብለው ሸጡልኝ። ስከፍተው የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ተበልቷል። ሬቲፊካ (የሞተር ብረት የሚሰፋበትና የሚስተካከልበት ቤት) ወሰድኩት። አንዴ ቀድሞ ሰፍቷል፣ ከዚህ በላይ የሚሰፋ ሥጋ የለውም አሉኝ። ብሎኩ ተጣለ። ገንዘቤም አብሮ ሄደ። የሚነሳ ሞተር ቢያንስ ድምፁን ትሰማለህ።

ኤረር በር (ሐረር)

እኔም የሚነሳው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ግን ሳይሞቅ አስነሱልኝ በል። ወንድሜ ታክሲ ሲገዛ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ጠበቀው። የሞቀ ሞተር ጥፋቱን ይደብቃል። ጠዋት ማልደህ፣ ሳትናገር ሂድ። ከምንም በፊት እጅህን ብሎኩ ላይ አድርግ። ቀዝቃዛ ካልሆነ ሌላ ቀን ተመለስ።

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ፤ ይህን ሞተር አውቀዋለሁ። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ከሥራ ውጭ ደግሞ የፔዦ ዕቃ ያልመጣልኝ ሳምንት አልነበረም።

ታይዋን ሰፈር የነገረህ እውነት ነው። ግን የእሱ ሞተር ሲሊንደሩ ከብሎኩ ጋር አንድ ሆኖ የተቀረጸ ነው። እንደዚያ ዓይነቱ ግድግዳው ከተበላ መስፋት አለበት፤ ካልሰፋ አለቀለት። የ404 ሞተር እንደዚያ አይደለም። ፒስቶኑ የሚመላለስበት ካሚቻ ለብቻው ተሠርቶ ብሎኩ ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ ነው። ውሃው ራሱን ካሚቻውን ከውጭ እየነካ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ካሚቻው ቢዝግ፣ ቢቧጠጥ፣ ፒስቶን ቢጣበቅበት አውጥተህ ትጥለዋለህ። ካሚቻ፣ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) አብሮ የሚሸጥ ስብስብ ነው። አዲሱን ታስገባለህ፣ ሲሊንደርህም አዲስ ሆነ።

እንግዲህ አስብበት። እቤት ፈትተህ ካሚቻ ልትቀይር ከሆነ፣ የተጣበቀ ፒስቶን ለምን ያስፈራሃል? የምትጥለው ነገር ነው የተጣበቀው። ገንዘብህን የምትከፍለው ለማይጣለው ነው። የማይጣሉት ሦስት ናቸው፦ ብሎኩ፣ ክራንክ ሻፍቱ (እኛ ኮሎ የምንለው፣ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እና ቴስታታው (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው)። ሦስቱ ደህና ከሆኑ ሞተሩ አይዙር፣ ግድ የለም። ከሦስቱ ሁለቱ ከተበላሹ ደግሞ እየዘፈነ ቢነሳም አትግዛው።

የሐረሩ ይነሳል ብለሃል። ያጨሳልም ብለሃል። ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው፤ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጋይድ ይሆናል፣ ይቀየራል። ነጭ ሆኖ የማይቆም ከሆነ ውሃ ነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። አንዴ በደንብ ከሞቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ደንገጎን ስንት ጊዜ በሙቀት እንደወጣ ማን ያውቃል? ከ1,200 ሜትር ተነስተህ ከ2,000 በላይ ነው የምትወጣው።

ስትሄድ የምታደርገውን ልንገርህ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን (እሳት የሚሰጡትን) ፍታ። በዚህ ሞተር ካንዴላው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፤ ረጅም ቁልፍ ያዝ። ከመፍታትህ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፋ፤ ካልሆነ የተጠራቀመው አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በባትሪ ወደ ውስጥ እይ። ቀጥሎ ዘይቱን አውጣና ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አስፈታ። ሻጩ እምቢ ካለ፣ ለከፈትኩበት ልክፈልህ በለው። ኮፓው ሲወርድ ኮሎው ፊት ለፊትህ ነው። የኮሎውን መያዣዎች ቁጠር። የመጀመሪያዎቹ 404ዎች ሦስት ናቸው፣ የኋለኞቹ አምስት። ባለ አምስቱ የተሻለ ነው፤ ብሮንዚናውም (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ሽፋን) ስለሚለያይ ሳትቆጥር ዕቃ አትግዛ። አንድ የቢየላ መያዣ ብቻ ፈትተህ ኮሎውን በጥፍርህ ጫር። ጥፍርህ ካልተያዘ ለሬቲፊካ ተስፋ አለው። መያዣውን ወደ ነበረበት፣ በነበረበት አቅጣጫ መልስ። የአንዱ መያዣ ለሌላው አይሆንም።

ብሎኩን ደግሞ ውሃው በሚሄድበት በኩል እየው። የድሬ ውሃ ታውቀዋለህ።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካሚቻው ለብቻው እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ይህን ሳላውቅ የሐረሩን ልገዛው ነበር።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሻለሁ። ለሐረሩ ሞተር ስንት ካሳየኝ ደህና ነው ልበል? ከኢንተርኔት ያገኘሁት ቁጥር በጣም ከፍ ይላል።

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

ቁጥሩ ከፍ ያለብህ አንድም የምንኖረው ተራራ ላይ ስለሆነ ነው። ፋብሪካው የሚጽፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ካነሰ የሚጨምቀውም ያንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር ሐረር ላይ 8 ገደማ ያሳያል። እዚህ ድሬ ደግሞ ከ8.5 ትንሽ በላይ። ሰው ይህን ሳያውቅ ጤነኛ ሞተር ሲያስፈታ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ መቀራረቡን እይ። አራቱም ከተቀራረቡ ጥሩ ነው። አንዱ ከወደቀ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ነው። ሁለት ጎረቤታም ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ነዷል ማለት ነው። ስትለካ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ነዳጅ መስጫውንም እስከ መጨረሻው ርገጥ።

ኤረር በር (ሐረር)

ስለ ውሃው ጋሼ የተናገሩት ቀላል ነገር አይደለም። የድሬ ውሃ የቀቀለ ብረት ድስት ውስጡን አይታችኋል? ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ያው ኖራ ሞተር ውስጥም ይጋገራል። የወንድሜ ታክሲ ዝም ብላ ትሞቅ ነበር። ራዲያተር አጠብን፣ ፖምፓ ቀየርን፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቴስታታው ሲወርድ በካሚቻዎቹ ዙሪያ ያለው የውሃ መንገድ በኖራ ተደፍኖ ተገኘ። ውሃው የሚያልፍበት ቦታ አልነበረውም። ሲጸዳ ሙቀቱ ቆመ።

ቀፊራ (ድሬዳዋ)

ሌላ ሐሳብ ላምጣ። ለምን የ504 ሞተር አትገጥምባትም? ዘመዱ ነው፣ እንደ 404ው አጋድሎ ነው የሚቀመጠው። የ404 ሞተር 1,618 ሲሲ ነው። የ504 አንዱ 1,796፣ ሌላው 1,971 ሲሲ ነው። ለደንገጎ ጉልበት ታገኛለህ። በዚያ ላይ የ504 ዕቃ ከ404 ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

አስቤበት ነበር ወንድሜ። የምፈልገው ግን አባቴ የሚያውቀውን ድምፅ ነው። ጉልበት አይደለም ያጣሁት። የ404ን ድምፅ ከሩቅ እለየዋለሁ፤ ማታ ማታ በር ላይ ቆመን የምንጠብቀው እሱን ድምፅ ነበር።

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

መልካም ነው። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ግን ይጠቅምሃልና ያዘው። የ404 ፒስቶን 84 ሚሊሜትር ስፋት፣ 73 ሚሊሜትር ምልልስ ነው። የ504 ባለ 1,796ቱም ስፋቱ 84 ነው፤ ምልልሱ ግን 81 ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄደህ «የፔዦ ፒስቶን፣ 84» ብቻ አትበል። ያለውን ይሰጡሃል፤ ኋላ ትቸገራለህ። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስተያይ።

መጋላ ጸሐፊ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁም ስለ ብረቱ ነው የምታወሩት፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ላንሳ።

ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ አይደለም ያለው፣ የሞተር ቁጥርም አለ። ብሎክ ከቀየርክ ቁጥሩ ይቀየራል። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ ካልገጠመ ከየት አመጣኸው ትባላለህ። ወረቀት የሌለው ሞተር የተሰረቀ መኪና ሞተር ሊሆን ይችላል። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ጣጣው ግን አንተ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከመግዛትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ለሞተር ለውጥ የሚጠይቁትን በጽሑፍ ያዝ። ከዚያ ከሊብሬው ባለቤት ጋር ውል ተዋዋል። ውሉ ላይ የሞተሩን ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩንም ብሎኩ ላይ በዓይንህ አይተህ፣ በጨርቅ ጠርገህ፣ ፎቶ አንሳ። የተፋቀ ወይም እንደ አዲስ የተመታ ከመሰለህ ጥለህ ሂድ።

ታይዋን ሰፈር (ድሬዳዋ)

ጋሼ ለገሃር ቶርኖ፣ ስለ ካሚቻው ተምሬያለሁ። ቀድሜ የጻፍኩትን አነሳለሁ። የሸዋ በር ልጅ፣ ወደ ድሬ ስትወርድ ንገረኝ፤ ሳቢያን ቅርቤ ነው፣ መሣሪያ ይዤ እመጣለሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት እንጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ብረቱ በእጅ አይያዝም። ከሻጩም ጋር ዋጋ የምትነጋገረው ከበርጫ በፊት ይሁን።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

ሁለቱንም አየሁ። እንደ ነገራችሁኝ ነው ያደረግኩት፤ በዝርዝር ልጻፈው፣ ለሌላም ሰው ይጠቅማል።

የሐረሩን ሳልናገር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ። እጄን ብሎኩ ላይ ሳደርግ ቀዝቃዛ ነው። ደስ አለኝ። የዘይት መክደኛውን ሳነሳ ውስጡ እንደ ማኪያቶ አረፋ ሆኗል፤ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን ብረት ሳወጣ እሱም እንደዚያው ነው። ተነሳ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ነዳጅ ሲሰጠው ውሃው እንደ ጀበና መፍላት ጀመረ፤ ገና ሳይሞቅ። ኮምፕሬሽን ለካሁ። አንደኛው 8 ገደማ፣ አራተኛው ከእሱ ትንሽ ያነሰ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን 4 አይሞሉም። ጎረቤታሞች ናቸው። ዘይት ጨምሬ ደገምኩ፤ አልተነቃነቁም። አመስግኜ ወጣሁ። ሻጩ ክፉ ሰው አልመሰለኝም፤ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ።

ቅዳሜ በሌሊት ሚኒባስ ወደ ድሬ ወረድኩ። ታይዋን ሰፈር ቃሉን ጠብቆ ሳቢያን ጠበቀኝ። ከሁሉም ያስደሰተኝ ጋሼ ራሳቸው መምጣታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ሚክሮሜትር በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው። አቦ ምን ልበል፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ካንዴላዎቹን ፈታን። ሦስቱ ጉድጓዶች ደረቅ ናቸው። በቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ባለው ከባድ የብረት ጎማ) በኩል ያለው ግን የዛገ ነው። ጋሼ «ፈረንሳዮቹ አንደኛ ብለው የሚቆጥሩት ከዚህ ነው» አሉኝ፤ እኔ ከፊት ነበር የቆጠርኩት። ሻጩ መጀመሪያ ኮፓው እንዲፈታ አልፈለገም። የቀብድ ገንዘብ አስቀመጥንለት፤ ከዚያ ፈቀደ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ውሃ የለበትም። ኮሎው ላይ አምስት መያዣ ቆጠርን። ባለ አምስቱ ነው! አንድ ቢየላ ከፈትን። ብሮንዚናው ግራጫ ሆኖ አልቋል፣ ኮሎው ግን ያበራል፣ ጥፍሬን አልያዘውም። ጋሼ በሚክሮሜትር ዙሪያውን እያዞሩ ለኩት። መቦርቦር የለውም፤ ትንሽ ዕንቁላልነት ግን አለው አሉ። ሬቲፊካ ይፈልጋል ማለት ነው።

የውሃ ፖምፓውን አውጥተን በቀዳዳው በባትሪ አየን። ኤረር በር ልክ ነሽ፤ ኖራው ጣት ያክላል።

ዋጋ ከቀረበልኝ ላይ ትንሽ ቀነሰልኝ። የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክረን ውል ተፈራረምን። አይሱዙ ላይ በአሮጌ ጎማ አስቀምጠን አሰርነውና ወደ ሐረር አወጣሁት።

ኤረር በር (ሐረር)

እንኳን ደስ ያለህ! አሁን ከመፍታትህ በፊት ለሁሉም ነገር ፎቶ አንሳ። ብሎን በብሎን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተትና የወጣበትን ጻፍበት። ወንድሜ «አስታውሰዋለሁ» ብሎ ሁለት ሳምንት ብሎን ሲያማርጥ ከርሟል።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

እሺ እህቴ፣ ፎቶውን ጀምሬያለሁ። ሌላ ችግር ገጠመኝ ግን፤ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምልኝም።

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

አይቆምም። መኪናው ውስጥ የተቀመጠው በ45 ዲግሪ አጋድሎ ነው፤ ቅርጹም በዚያው ነው የተሠራው። ሰፈርህ ያለ ብየዳ ቤት የአንግል ብረት ማቆሚያ ይሥራልህ፤ በካምቢዮ መግጠሚያው በኩል ባሉት ቀዳዳዎች የሚታሰር። ድንጋይ አትደግፍበት። ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

የተጣበቁትን በየካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለህ ጨምርባቸው። ቀን ቁጠር፣ አትቸኩል። በረጅም ብረት ኮሎውን ለማዞር አትታገል፤ ቢየላ ታጣምማለህ። ቴስታታው ሲላቀቅ ከመካከል ሳይሆን ከዳር ወደ መካከል፣ ብሎኖቹን ጥቂት ጥቂት እያላላህ ፍታ። በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ የጫርከው ሁሉ ኋላ ውሃ ያሳልፋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ኮሎውን ካዞርክ ፒስቶኖቹ ካሚቻዎቹን ይዘው ይነሳሉ። ያኔ የካሚቻው የታች ማሸጊያ ይላቀቃል፤ ውሃ ወደ ዘይት መግባት ይጀምራል። አንተ ሁሉንም ስለምትቀይር ግድ የለህም። ጓርኒሲዮን ብቻ ሊቀይር የከፈተ ሰው ግን ካሚቻዎቹን በብሎንና በላሜራ ወደ ታች አስሮ መያዝ አለበት።

ቀፊራ (ድሬዳዋ)

ኖራውን በኮስቲክ ሶዳ ቢቀቅለውስ? አንድ ጋራዥ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ብሎክ እንደ አዲስ ነጽቶ ይወጣል።

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

ኮስቲክ ሶዳ ቅባት ነው የሚያወጣ እንጂ ኖራ አያወጣም። ብሎኩ ብረት ስለሆነ ይችለዋል። ቴስታታውን ግን በስህተት እንኳ እንዳትነክሩት! ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል። ጠዋት ያስገባኸውን ቴስታታ ማታ ተቦርቡሮ ታገኘዋለህ። ዓይንንም ያጠፋል።

ካሚቻዎቹ ከወጡ በኋላ ኖራውን በእንጨትና በሽቦ ብሩሽ አውጣው። የቀረውን የሎሚ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጠህ ቀባው፣ ቆይተህ በብዙ ውሃ እጠበው። ወዲያው አድርቀህ ዘይት ቀባው፤ ካልሆነ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ካሚቻው የሚቀመጥበትን የታች ጠርዝ ከሁሉ በላይ ተጠንቀቅለት። የሞተሩ ሁሉ ነገር እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ካሚቻው ሲቀመጥ ከብሎኩ ወለል በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ቴስታታው ሲታሰር ጨቁኖ የሚይዘው በዚያች ነው። አራቱም እኩል ካልሆኑ ጓርኒሲዮኑ ዕድሜ አይኖረውም።

መጋላ ጸሐፊ (ድሬዳዋ)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ለአሮጌ 404 ይህን ያህል መድከም ያዋጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ታይዋን ሰፈር (ድሬዳዋ)

አዲስ መግባቱ ከቆመ ያለውን መጠበቅ ነው የሚበልጠው። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የወጣችው። ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። በኬንያና በታንዛንያ ጭቃና አቧራ ውስጥ ነው ያንን ያሸነፈችው። ሐረር የመረጠቻት በከንቱ አይደለም። እናድናት!

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

አዲስ ነገር ልንገራችሁ።

ናፍጣውን ጨምሬ በየማታው እያየሁ አምስት ቀን ቆየሁ። ቴስታታው በስድስተኛው ቀን ተላቀቀ። አልፈለቀቅኩትም፤ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጌ ነው። ሦስቱ ፒስቶኖች ለቀዋል። በቮላኖው በኩል ያለው አንደኛው አልለቀቀም። ምክንያቱ ሲከፈት ታየ። ሞተሩ የቆመው የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ ክፍት ሆኖ ነው። ዘጠኝ ዓመት እርጥበት የገባው በዚያ ነው። ቢየላውን ከሥር ፈትቼ ካሚቻውን ከነፒስቶኑ በእንጨት እየመታሁ ወደ ላይ አወጣሁት። ሲወጣ እናቴ ከኩሽና ወጥታ እልል አለች።

ቴስታታውን በጋሼ ማስመሪያ ለካሁት። ትንሽ ነው የተጣመመው፤ ይላጫል አሉኝ በስልክ። ስንጥቅ አላየሁም፤ ግን ሬቲፊካ ቤት በግፊት ውሃ ይፈተሻል።

ብሎኩን ሁለት ቀን አጸዳሁ። አንድ ባልዲ ሙሉ ኖራ ነው የወጣው። ሦስቱ የካሚቻ መቀመጫዎች ንጹሕ ናቸው። የቀረው አንዱ፣ ያው የዛገው፣ ጠርዙ ላይ የሽንብራ ግማሽ የሚያክል ጉድጓድ አለው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ይድናል?

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

ጉድጓዱ ጠርዙን ከውስጥ እስከ ውጭ አቋርጦታል ወይስ በአንድ በኩል ብቻ ነው? ካላቋረጠ ማሸጊያው የሚያርፍበት ቦታ አለው፣ ይድናል። ካቋረጠ ጠርዙን በቶርኖ በትንሹ ዝቅ አድርጎ በወፍራም ማሸጊያ ማካካስ ነው። ሠርቼዋለሁ፤ አይከብድም። ግን አንዱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ከፍታውን ከሦስቱ ጋር ማስተካከል ትዕግሥት ይፈልጋል። በቅርብ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጥበት።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

አላቋረጠም ጋሼ! አሁን በማጉያ መነጽር አየሁት። ከውሃው በኩል ነው፤ ከጠርዙ ግማሽ አልፎ አይገባም።

ለገሃር ቶርኖ (ድሬዳዋ)

እንግዲያስ ተወው፣ አትንካው። በጣም ደቃቅ በሆነ የቫልቭ ማለስለሻ መድኃኒት አሮጌውን ካሚቻ አስቀምጠህ በእጅህ ቀስ ብለህ አሽከርክረው። ዙሪያው አንድ ወጥ ግራጫ ቀለበት ሲያወጣ በቂ ነው። መድኃኒቱን አንድ ቅንጣት ሳታስቀር እጠብ፤ ብሮንዚና ከደረሰ ሞተሩን ይፈጨዋል።

ስትገጥመው የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛው ሲለካ ለሚያስገባው 0.10፣ ለሚያስወጣው 0.25 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ አስነስተህ ከሞቀ በኋላ እስኪበርድ ጠብቅ፤ የቴስታታውን ብሎን እንደገና አጥብቅ፣ ክፍተቱንም እንደገና ለካ። ራዲያተሩ ውስጥም ከቧንቧ ውሃ አትጨምር። የተጣራ ውሃ ከፀረ ዝገቱ ጋር ቀላቅል። ካጣህ የሐረርን የዝናብ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ጠብቀህ ያዝ፤ ኖራ የለውም።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)

እናቴ ከቆርቆሮው ሥር በርሜሉን አጥባ አስቀምጣለች። ኮሎውንና ቴስታታውን ሐሙስ ወደ ሬቲፊካ ይዤ እወርዳለሁ። የብሮንዚናው መጠን ሲታወቅ እዚሁ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ ማስመሪያዎን ጠቅልዬ አመጣለሁ።